ሁለት ጠርሙስ ድፍድፍ ወደ ማግኔቱ

አንኮበር ድረስ ሄዶ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ሳይወጣ የተመለሰ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «ወጣህበት? አየኸው?» ይለኛል። አልወጣሁም፣ አላየሁም። ያየሁት የጠላ ጋን ነው፤ እሱንም አፉ በጨርቅ ታስሮ። ስለዚህ ታሪክና ገደል የፈለገ አንባቢ ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ። እኔ የምተርከው እትዬ አሰለፈች የሚባሉ የጎረቤላ ሴት የሠላሳ ዓመት ሙያቸውን ሊተዉ አንድ እሑድ ሲቀራቸው፣ በሁለት ጠብታ የሚያልቀውን ነገር እኔ እንዴት የስድስት ቀን መንከራተት እንዳደረግሁት ነው።

ሥራዬን አስቀድሜ ልናገር፣ አለዚያ ወሬው አይገባም። ኬሚስት ነኝ፤ አዲስ አበባ አስተምራለሁ። በሕይወት ያለ ሴል ውስጡ ምን ያህል እንደሚኮመጥጥ እለካለሁ፣ ሴሉን ሳልበሳውና ሳልገድለው። በሴል ውስጥ ፎስፈረስ አለ። ትልቅ ማግኔት ውስጥ ከትተን የሬዲዮ ሞገድ ስንልክበት መልሶ ይጮኻል፤ የተቀመጠበት ቦታ ሲኮመጥጥ ደግሞ የጩኸቱ ቃና ይለወጣል። እኛ ቃናውን ሰምተን ኮምጣጣነቱን እናውቃለን። ከዚህ በላይ ሳስረዳ ባለቤቴን እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ስለዚህ ይብቃ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አሲድ እየለካሁ እንጀራዬን የምበላው ሰውዬ ራሴ ጨጓራ በሽተኛ ነኝ። ጠላ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሁሉንም ሐኪም ከልክሎኛል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን መደበቅ ያቅታቸዋል።

ማክሰኞ

ከላምበረት መናኸሪያ በጠዋት ተነሣሁ። የያዝኩት ሁለት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ማጥለያ ጨርቅና የጨጓራ መድኃኒቴን ነው። ቀለሙን ቀይሮ ኮምጣጣነትን የሚናገር ወረቀት አለ፣ ማንኛውም የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ የማይጠፋ። እሱን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ሄድኩ። ማግኔት ወዳለበት እየሄደ ወረቀት የሚይዝ ማን አለ? ብዬ ነዋ። አይ የኔ ነገር!

ሰንዳፋን እንዳለፍን መስኮቱን በጣት ስፋት ከፈት አደረግሁ። ሚኒባሱ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ዞረብኝ። «ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ነፋስ ልታስመታን ነው!» አሉኝ። አዲስ አበባም እንዲሁ ነው፤ ግን እዚያ ቢያንስ አንድ ሰው ከጎንህ ይቆማል። እዚህ ብቻዬን ነበርኩ። ዘጋሁት፤ ጫጫ ስንደርስ የአሥራ ሁለት ሰው ትንፋሽ እርስ በርስ እየተለዋወጥን ነበር።

ደብረ ብርሃን ያለውን ላቦራቶሪ የምትመራው ዶክተር ሰናይት ትባላለች። በዕድሜ ከእኔ ዐሥር ዓመት ታንሳለች፣ ቁጣዋ ግን ከእኔ ዐሥር ዓመት ይበልጣል። ማሽኑ ትልቅ የውሃ ታንከር ይመስላል፤ ዙሪያውን መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር ተሠምሮበታል። «ብረት ይዘህ መስመሯን እንዳታልፍ» አለችኝ ገና ጤና ይስጥልኝ ሳልላት። «ስማ፣ ማሽኑ የውሰት ነው። ዓርብ ጠዋት ታሽጎ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሐሙስ ከሰዓት ያንተ ነው። ነፍስ ያለው እርሾ ካገኘህ አምጣ፤ የሞተ ይዘህ ብትመጣ በሩን አልከፍትልህም።»

የፈለግሁት ከደጋ ቤት የተጠመቀ የጠላ ድፍድፍ ነው፤ ብርዱንም ኮምጣጣነቱንም የለመደ እርሾ። የፓኬት እርሾማ ሃያ ጊዜ ለክቼዋለሁ።

ማታ ያደርኩበት ቤት ባለቤት ስንቀጠቀጥ አይተው ሳልጠይቅ አራት የሱፍ ብርድ ልብስ አመጡልኝ። አዲስ አበባ ሆቴል ሁለተኛ ብርድ ልብስ ስትጠይቅ በጥርጣሬ ያዩሃል። እዚህ በግድ ጫኑብኝ። የከተማው ብርድ ልብስ አንዱ ብቻ የአንድ ሰው ክብደት አለው፤ ለመገላበጥ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። በጠዋት ስነቃ ሙቀቱ ግሩም ነበር፣ አፍንጫዬ ግን ግጥም ብሎ ተደፍኗል። ብርዱ ያገኘው እሱን ብቻ ነበርና ቁጭቱን በእሱ ተወጣ።

ረቡዕ

ጾም ነውና ሽሮዬን በልቼ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት፤ መኪናው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። መንገድ ላይ ሾፌሩን «ጎረቤላ ጥሩ ጠላ የሚጠምቅ ማን ነው?» አልኩት። እሱ ሳይመልስ ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ «አሰለፈች!» አለ። «የአሰለፈችን የመሰለ የለም!» ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። ጎናቸው ያሉት ሴት በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጓቸው አይቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ጎረቤላ ጉም ለብሳ ጠበቀችኝ። ከፊቴ ያለውን በግ በቀንዱ ነው ያወቅሁት። እየጠየቅሁ እትዬ አሰለፈች ቤት ደረስኩ። ስድሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ፈጣን አነጋገር ያላቸው ሴት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ አስቀመጡኝ፣ ምሳ አቀረቡ፣ ጨጓራ እንዳለብኝ ስነግራቸው ተልባ በጠበጡልኝ። አዲስ አበባ ይህን ሁሉ ለማግኘት መታወቂያ ያስፈልጋል።

ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ «እትዬ፣ ድፍድፍዎን ብዬ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ድፍድፍ ለእንግዳ ዓይን አይታይም ልጄ» አሉ። «ገና በመፍላት ላይ ያለ ነገር ዓይን አይወድም። እንኳን አንተ፣ ወንድሜም አያየውም።»

«እኔ አላየውም» አልኩ። «በማሽን ነው።»

«ማሽኑስ ያየው የለ?»

«ማሽኑ አያይም እትዬ። ይሰማል።»

የማሽኑን ነገር ጠየቁኝ፤ ቅድም ለእናንተ እንዳስረዳሁት አስረዳኋቸው። እሳቸውን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። «እና ኮምጥጦ ከሆነ ይናገራል?» አሉ።

«ስንት እንደኮመጠጠ ሳይቀር።»

ይሄኔ ተነሥተው በሩን ዘጉና ከአጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝማ ልጄ። ከፋሲካ በኋላ ክፉ ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋኑ ለቀቀኝ፣ ምላሴንና አፍንጫዬን ግን ይዞ ሄደ። ጨውና ስኳር አልለይም። ወጥ ሲያርብኝ እንኳ የማውቀው ጭሱን አይቼ ነው።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም! ሠላሳ ዓመት የአሰለፈች ጠላ ሲባል ኖሬ፣ አሁን አሰለፈች አትቀምስም ላስብል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አሰለፈች የአንድ ማኅበር አባል ናቸው፤ ዐሥራ ሁለት ሆነው በየወሩ በተራ ይደግሳሉ። ድግሱ በማንም ቤት ይሁን፣ ጠላው ግን የእሳቸው ነው። ከፋሲካ ወዲህ ሰዉ ሁሉ እየጠጣ «ግሩም ነው፣ እጅሽ ይባረክ» ይላቸዋል፤ ማንቆርቆሪያው ግን እንደሞላ ይመለሳል። የመጪው እሑድ ማኅበር ደግሞ በራሳቸው ቤት ነው። ሁለት ጋን ድፍድፍ አላቸው፣ የቀኙና የግራው። አንዱ ሳይበላሽ እንዳልቀረ ጠርጥረዋል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ማወቅ አልቻሉም። «ዓርብ አንዱን በውሃ አቀጥነዋለሁ» አሉኝ። «እሑድ ማንቆርቆሪያው እንደሞላ ከተመለሰ ጋኑን እሰብራለሁ፣ ሁለተኛም አልጠምቅም። ምያለሁ።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አንጀቴን በሉት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የራሴን ጉድ ልናገር። ጋኖቹ ከተቀመጥኩበት አራት እርምጃ አይርቁም። ከየጋኑ አንድ አንድ ጠብታ ምላሴ ላይ ባደርግ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጨጓራዬን ፈራሁ። ላሽትት ብልም አፍንጫዬ ተደፍኗል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ከሁለታችን አንድ የሚሠራ አፍንጫ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሐሙስ ማሽኑ ላይ የማስቀምጠው ነገር ፈልጌ ነበር። ስለዚህ «ችግር የለም እትዬ፣ ማሽኑ ይነግረናል» አልኩ። እንዲህ ስል ምንም አላፈርኩም።

«ጥሩ» አሉ። «እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ለማላውቀው ሰው አሳልፌ አልሰጠውም።»

ሐሙስ

ማለዳ ጀርባዬን አዙሬ ቆሜ፣ እትዬ አሰለፈች ከየጋኑ አንድ አንድ ጠርሙስ ቀዱ። ዓይን እንዳያርፍበትና ብርድ እንዳይገድለው ሁለቱንም በነጭ ጋቢ ጠቅልለው አቀፉና ሚኒባስ ገባን። ከኋላ የዕቃ ቦታ መኖሩን ሳይ «ጠርሙሶቹን እዚያ እናድርጋቸው» አልኩ። እትዬ አሰለፈች በዓይናቸው ብቻ መለሱልኝ።

ሕያው እርሾ ይተነፍሳል። ጠርሙሱ ተከድኖ ከቆየ ይፈነዳል። ስለዚህ በየሩብ ሰዓቱ እትዬ አሰለፈች እጃቸውን ወደ ጋቢው ውስጥ እየሰደዱ ክዳኑን ላላ ያደርጉታል፤ እሱም «ጥስስስ» ይላል። ሁለተኛው ላይ አጠገባችን የተቀመጡት ሴት አልቻሉም።

«ምነው፣ ሕፃኑን ምን ነካው?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ አሰለፈች «ሆዱን ነፍቶት ነው» አሉ።

«ውይ የኔ ጌታ! ስንት ወሩ ነው?»

«ሁለት ናቸው» አሉ እትዬ።

«መንታ!»

ወሬው ሚኒባሱን በአንድ ትንፋሽ አዳረሰው። «መንታ ነው፣ መንታ ነው» ተባለ። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ወርዶ ቦታውን ለቀቀ፤ እትዬ አሰለፈች ግን ከቦታቸው አልነሣም አሉ። አንዱ ከኪሱ ጤና አዳም አውጥቶ «ይሽተቱት» ብሎ ጋቢው ላይ ሰካ። ማክሰኞ የተወቀስኩት መስኮት በመክፈት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የበሩ ስንጥቅ በእኔ ተሳበበ። «አባትየው አንተ ነህ?» አለኝ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ።

«አይ፣ እኔ…» አልኩ።

«አዎ» አሉ እትዬ አሰለፈች።

«እና በዚህ ብርድ ራሳቸውን እንኳ ሳትሸፍን ታወጣቸዋለህ? እናታቸውስ?»

«አዲስ አበባ ናት» አልኩ። ለባለቤቴ እውነት ነበር፤ ለጠርሙሶቹ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ። ሚኒባሱ በሙሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ባለቤቴ ያልወለደቻቸውን ልጆች ጥላ በመሄዷ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሰደበች፤ እኔም አንዴ ከጀመርኩ በኋላ መመለሻ ስላጣሁ አብሬ ቅር ተሰኘሁባት።

እዚህ ድረስ መሳቅ ይቻላል። ችግር የመጣው በደግነት ነው። ጎናችን ያሉት ሴት ከቦርሳቸው የልጃቸውን ትንሽ የሱፍ ኮፍያ አውጥተው በጋቢው ክፍተት አስገቡና አንዱ ጠርሙስ ራስ ላይ አጠለቁ። የጠለቀው ግራው ላይ ነው። እኔና እትዬ አሰለፈች ተያየን፤ ጥሩ ምልክት ሆነልን። ጠርሙሶቹ ላይ በብዕር የጻፍኩት ቀኝና ግራ በላብ ተጠርጎ ነበርና። ግን ግማሽ መንገድ ስንደርስ ሁለታችንም ሸለብ አድርጎን ኖሯል። ስንነቃ ሴትየዋ ፈገግ ብለው «ለሌላውም ይድረሰው ብዬ ቀየርኩላቸው» አሉን። «አንዴ ነው የቀየሩት?» አልኩ። «ኧረ እኔ እንጃ፣ እየሞቀ እየቀዘቀዘ እያየሁ ነው» አሉ። ለሁለት ልጅ እኩል እንዲዳረስ ስንት ጊዜ እንዳፈራረቁት ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። «ይደጉልህ» ብለው መርቀውኝ ወረዱ፤ ኮፍያዋንም አንወስድም ብንላቸው እምቢ አሉ።

የትኛው ቀኝ የትኛው ግራ እንደሆነ ካላወቅን ማሽኑ መቶ ጊዜ ቢሰማ ምን ዋጋ አለው? መናኸሪያው መሃል ቆሜ እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። እትዬ አሰለፈች ግን አንዱን ጠርሙስ ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። አዳመጡ። ሌላውንም እንዲሁ። «ይህ ቁጡው ግራው ነው» አሉ። «ይህ የሚያንጎራጉረው ቀኙ። ሠላሳ ዓመት ሲፈላ እየሰማሁ ነው የተኛሁት፤ ጆሮዬን ጉንፋን አልወሰደውም።» ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች ልጆቿን ጆሮዋ ላይ የምትለጥፍ ሴት እያዩ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

ላቦራቶሪው ስንደርስ ዶክተር ሰናይት ጠርሙሱን አየች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ግራው ነው» አልኩ።

«ራሱ ላይ ያለው?»

«ኮፍያ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ብረት አውልቁ አለችን። እትዬ አሰለፈች የአንገታቸውን የብር መስቀል እንደማያወልቁ ነገሯት፤ ብር በማግኔት አይሳብም ብዬ አማለድኩ፤ ከቢጫው መስመር ውጪ ወንበር ተሰጣቸው። ወደ ጋኑ ስለማይመለስ እትዬ አሰለፈች እንድናየው ፈቀዱ፤ ድፍድፉን አጥልለን፣ አሽከርክረን፣ እርሾውን ከራሱ ፈሳሽ ጋር እንደ እስክሪብቶ በቀጠነ የመስታወት ቱቦ አስገባነው። እያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ፎስፈረሱ ቀስ ብሎ የሚናገር ነውና ማሽኑ አንዱን ነገር ሺህ ጊዜ ደጋግሞ መስማት አለበት። እትዬ አሰለፈች ቀጥ ብለው እንደ ተቀመጡ ከማግኔቱ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። እኔም ከእሳቸው ላይ አልነቀልኩም። የመመረቂያ ጽሑፌን ስከላከል እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

መጀመሪያ የግራው መጣ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጉብታ ወጣ፣ ተራርቀው። «እትዬ፣ ይሄኛው ጉብታ ከሴሉ ውጪ ያለው ነው። ይኮመጥጣል፤ ጠላ እንደሚኮመጥጠው። ያኛው ደግሞ የሴሉ ውስጥ ነው። ውስጡ አልኮመጠጠም፤ በሩን ዘግቶ ራሱን ጠብቋል። ጤነኛ ነው።»

ከዚያ የቀኙ። ጉብታዎቹ እርስ በርስ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም፤ ሁለቱም ወደ ኮምጣጣው በኩል ተገፍተዋል። ምን እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ኮምጣጤው ግድግዳውን አልፎ ሴሎቹ ውስጥ ገብቷል። ለእትዬ አሰለፈች እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ።

«ገባባቸው?» አሉ እሳቸው ሳልናገር።

«ገባባቸው።»

«እነሱ ውጪው መኮምጠጡን ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። እስከ መጨረሻው ወደ ውጪ ሲመልሱት ነው የከረሙት። አቅም አጥተው ነው።»

አንገታቸውን ደፉ። «ምስኪኖች» አሉ። ቀጥለው «የግራው ነው እንግዲህ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ዶክተር ሰናይት ቱቦዎቹን ልታጥብ የቀኙን ጠርሙስ ስትከፍት ፊቷን ዞር አደረገች። «ኡፍ! ይሄማ ኮምጣጤ ነው!» አለች። «ከመንገድ ይሸታል! አምስት ሰዓት ሙሉ ለምን አስለፋችሁኝ?»

እኔና እትዬ አሰለፈች መሬት መሬት አየን። «ጉንፋን ይዞናል» አልኩ።

ዓርብ

ማሽኑ ሲታሸግ ለማየት አልቆየሁም። ውጤቴ እጄ ላይ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ብመለስ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን ግራውን ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ቢሆንስ? አብሬያቸው ወደ ጎረቤላ ተመለስኩ። ሾፌሩ ያው የትናንትናው ነበር። «መንታዎቹስ?» አለኝ። «ሆስፒታል ተኝተዋል» አልኩ። ሂሳቤን አልቀበልም አለ፤ ጸሎት እንደሚያስደርግም ነገረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

እትዬ አሰለፈች የግራውን ጋን በውሃ አቀጠኑት። የቀኙን አፉን አሠሩና ወደ ጓሮ አወጡት። እኔ ውሃ በመቅዳት ረዳሁ፤ ሁለት ጀሪካን ተሸክሜ ስገባ ጎረቤት «የአሰለፈች እንግዳ» እያለ ቆሞ አየኝ። አዲስ አበባ ውሃ ሲጠፋ እናማርራለን፤ እዚህ ሰው ውሃ እንዴት እንደሚሸከም ጎበዝ መምህር ሆኖ ያርምሃል።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ጉም ነበር። ኮረብታው የት እንዳለ በጣት አሳዩኝ፤ ጣቱንም በደንብ አላየሁትም። እትዬ አሰለፈች በየሰዓቱ ጋኑ ላይ ጆሯቸውን ያደርጉና ወደ እኔ ዞረው «እርግጠኛ ነህ?» ይሉኛል። «እርግጠኛ ነኝ» እላለሁ። ከዚያ ውጪ ወጥቼ ጉሙን እያየሁ ጉብታዎቹን በሐሳቤ ደግሜ እለካለሁ። የቀኝና የግራ ቱቦ አለዋውጬ ቢሆንስ? ወይ ጉድ! አበስኩ ገበርኩ! በዚያ ቀን የዋጥኩት የጨጓራ ክኒን የሳምንት ነው።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኞቹ መጡ። ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ንፍሮ ተዘገነ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። እትዬ አሰለፈች ማንቆርቆሪያውን ይዘው መዞር ጀመሩ። የማኅበሩ አለቃ፣ በማኅበር ወግ ሙሴ የሚባለው፣ አቶ ተክሌ ናቸው፤ ረቡዕ ሚኒባስ ላይ ሳል የያዛቸው ሽማግሌ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ዋንጫቸውን አነሡ። መርፌ እንደሚወጋ ሰው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ትንሽ ጎነጩ።

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። እንደገና ጎነጩ። ከዚያ ዋንጫውን እስከ አተላው ጨለጡና ጮክ ብለው «ዛሬስ ጠላ ነው!» አሉ።

ጎናቸው የተቀመጡት ወይዘሮ በለጡ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

እትዬ አሰለፈች ቆሙ። «ዛሬስ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ግሩም ነው ለማለት ነው» አሉ አቶ ተክሌ።

«ተክሌ! ዛሬስ ማለት ምን ማለት ነው?»

አቶ ተክሌ ዙሪያቸውን ቢያዩ የሚያወጣቸው ጠፋ። «እንግዲህ አሰለፈች… ከፋሲካ ወዲህ… ኮምጣጤ ነበር» አሉ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

ዐሥራ አንድ ሰው ንፍሮውን አየ።

«እና ለምንድን ነው እጅሽ ይባረክ ስትሉኝ የከረማችሁት?» ማንቆርቆሪያውን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። «ሌሊት አልተኛሁም፣ ማንቆርቆሪያው ለምን ሞልቶ ይመለሳል እያልኩ ነው የከረምኩት!»

«ምን ብለን እንንገርሽ?» አሉ አቶ ተክሌ፣ አሁን እሳቸውም ተቆጥተው። «ብናስከፋሽስ? ጋኑን ሰብሬ ማኅበሩንም ትቻለሁ ብትይስ? ኮምጣጤ ይጠጣል። ጠጣነው። አንቺን ከየት እናመጣለን?»

እትዬ አሰለፈች ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ከዚያ ተናገሩት። «ምላሴ አይቀምስም» አሉ። «ከጉንፋኑ ወዲህ። ምንም አይቀምስም።»

ወይዘሮ በለጡ ሁለት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። «ወይኔ አሰለፈች! ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንኖረው! ነይ ቅመሽልኝ ማለት ምን ያቅትሻል? ይህ ሁሉ ሰው ምላስ ይዞ ተቀምጦ፣ ማንን ስትጠይቂ ከረምሽ?»

እትዬ አሰለፈች ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔ ንፍሮ እቆጥር ጀመር። ስለ ማግኔቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አልተነፈስኩም።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልለየሁም። ሲያበቁ ፊታቸውን ጠረጉና ማንቆርቆሪያውን እንደገና አንሥተው ከዳር ጀመሩ። በእያንዳንዱ ሰው ፊት ቆመው «እውነቱን ንገረኝ፤ እንዴት ነው?» ይላሉ። «ግሩም ነው» አለ የመጀመሪያው። «ግሩም ነው» አለ ሁለተኛው። ልማድ ክፉ ነው፤ እውነት ግሩም ሆኖ ሳለም ማን ያምናል? እትዬ አሰለፈች በእያንዳንዱ ግሩም ፊታቸው እየጨለመ ሄደ። ወይዘሮ በለጡ ዘንድ ደረሱ።

«እንዴት ነው በለጡ? በማርያም።»

ወይዘሮ በለጡ ጎነጩ። አፋቸው ውስጥ አዘዋወሩት። ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ጌሾው በዝቷል» አሉ። «ይመራል። ላንቃ ይይዛል።»

እትዬ አሰለፈች ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ።

«ተመስገን!» አሉ።